ዘር ከልጓም ይስባል፦ የጌርላን ቤት መለያ ጠረን ከየት መጣ?

ሦስት ቀጫጭን የማሽተቻ ወረቀቶች ያዙ። አንዱ ላይ ጂኪ፣ አንዱ ላይ ሻሊማር፣ አንዱ ላይ አቢ ሩዥ ጠብ አድርጉ። ሦስቱም የፓሪሱ የጌርላን ቤት ሽቶዎች ናቸው፤ ጂኪ በ1889፣ ሻሊማር በ1925፣ አቢ ሩዥ በ1965 የወጡ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዝምድናቸው አይታይም። ጂኪ በላቬንደር ይቀበላችኋል፤ ሻሊማር አፍንጫ በሚነካ የበርጋሞት (የሎሚና የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ) ሽታ፣ አቢ ሩዥ በብርቱካንና በቅመም። ወረቀቶቹን አስቀምጡና ወደ ሌላ ሥራችሁ ሂዱ። ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ ስትመለሱ ሦስቱም አንድ ሰፈር ገብተው ታገኟቸዋላችሁ፦ ደረቅ ያለ ጣፋጭነት፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ልስላሴ፣ ከሥሩ ደግሞ የቆዳ ወይም የጭስ ጥላ።

ለዚህ ዝምድና ፈረንሳዮች ስም አውጥተውለታል፤ ጌርሊናድ ይባላል። ቤቱ ራሱ ሲዘረዝረው ስድስት ዕቃ ይጠራል፦ በርጋሞት፣ ጽጌረዳ፣ ጃስሚን፣ አይሪስ፣ የቶንካ ፍሬና ቫኒላ። ምስጢር አይደለም፤ ስድስቱንም ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገዛቸው ይችላል። ገዝቶ ሲቀላቅላቸው ግን የሚያገኘው ደህና ሽታ ያለው ድብልቅ እንጂ ጌርላን አይደለም። ታዲያ መለያው የት ነው ያለው? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

መለያው ጠርሙሱ ላይ በነበረ ጊዜ

ፒየር ፍራንሷ ፓስካል ጌርላን በፓሪስ ሪቮሊ ጎዳና ሱቅ የከፈተው በ1828 ነው። ደንበኞቹ መኳንንትና ቤተ መንግሥት ነበሩ። በ1853 ለናፖሊዮን ሦስተኛ ባለቤት ለእቴጌ ኢዩጂኒ ኮሎኝ ሠራ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ቤት ምልክት የሆነችው ንብ የተቀረጸችበት ጠርሙስ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ኮሎኙ ጥሩ ኮሎኝ ነው። ከሎሚ፣ ከበርጋሞት፣ ከብርቱካን አበባና ከመሳሰሉት የተሠራ፣ በዘመኑ ሌሎችም ከሚሠሩት ብዙ ያልራቀ። ዓይኑን የተጨፈነ ሰው “ይህ የጌርላን ነው” የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። መለያው ንቧ ነበረች።

ይህ የአንድ ቤት ድክመት አልነበረም። በዚያ ዘመን ሽቶ ማለት በአመዛኙ ተፈጥሮን መምሰል ነበር፤ የጽጌረዳ ሽቶ ጽጌረዳን፣ የቫዮሌት ሽቶ ቫዮሌትን ከመሰለ ቀማሚው ተመሰገነ ማለት ነው። ሥራው በተሳካ ቁጥር የሚታወቀው አበባው ነው፤ ቀማሚው ይሰወራል። ፊርማ ለማኖር መጀመሪያ ማንንም የማይመስል ጠረን ያስፈልጋል።

1889፦ ማንንም የማይመስል ነገር

በሩን የከፈተው ኬሚስትሪ ነው። በ1868 እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ኩማሪንን በቤተ ሙከራ ሠራ፤ ለቶንካ ፍሬ ያንን የደረቀ ድርቆሽና የለውዝ ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ነው። በ1874 ጀርመኖቹ ቲማንና ሃርማን ከጥድ ዛፍ በተገኘ ነገር ቫኒሊንን ሠሩ። በ1882 ኡቢጋን የተባለው ሽቶ ቤት ቀማሚ ፖል ፓርኬ ኩማሪንን ፉዤር ሯያል በሚባል ሽቶ ውስጥ አስገባ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የመሥራቹ ልጅ ኤሜ ጌርላን ጂኪን አወጣ።

ጂኪ ከላይ ላቬንደርና በርጋሞት ነው፤ ከታች ኩማሪንና ቫኒሊን፤ ከሁሉም ሥር ዝባድ። (ዝባድን ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ ከጥርኝ የሚወሰደው ነው። የፈረንሳይ ቀማሚዎች ለረጅም ዘመን የሚያገኙት በዋነኛነት ከኢትዮጵያ በቀንድ ታሽጎ ሲሄድላቸው ነበር። ብቻውን ይከረፋል። በጣም ጥቂት ሲገባ ግን ሽቶው ከጠርሙስ ሳይሆን ከሰው ገላ የወጣ ይመስላል።) ይህን ድብልቅ የሚመስል አበባ የለም። የትኛውም የአትክልት ቦታ ጂኪን አይሸትም።

ስለ ቫኒሊኑ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቤቱ ቫኒሊኑን የሚገዛው ደ ሌር ከሚባል የፈረንሳይ ኬሚካል አምራች ነበር። የመጀመሪያው ምርት ሙሉ በሙሉ ያልጠራ ስለነበረ የጓያኮል ቅሪት ነበረበት ይባላል፤ ጓያኮል ጭስ ጭስ፣ ቆዳ ቆዳ የሚል ነገር ነው። አምራቹ ንጹሕ ቫኒሊን ማቅረብ ሲጀምር ጌርላኖች ያልጠራውን ቀጥሉልን አሉ። ታሪኩ እየተነገረ አጊጦ ሊሆን ይችላል። በአፍንጫ ሲመረመር ግን ይስማማል፤ የጌርላን ቫኒላ ኬክ ኬክ አይልም። ጣፋጭ ሆኖ ጨለማ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ቴክኒካዊ ነገር ካልተያዘ የቀረው አይገባም። በርጋሞት ወረቀት ላይ ጥቂት ሰዓት ቢቆይ ነው። ጽጌረዳና ጃስሚን ከዚያ ትንሽ ይዘልቃሉ። ቫኒሊንና ኩማሪን ግን ለቀናት ይቀራሉ፤ ሻርፕ ላይ ከሆነ ሳምንትም ያልፋሉ። ስለዚህ ሴትዮዋ ከክፍሉ ከወጣች በኋላ የሚቀረው፣ ካፖርቷ ላይ በማግስቱ የሚገኘው፣ ልጅ የእናቱ ብሎ የሚያስታውሰው ታችኛው ጠረን ነው። አንድ ቤት ታችኛውን ጠረን ሳይለውጥ ከላይ ያለውን ቢቀያይር ሰው አዲስ ሽቶ ገዝቶ የቆየ ትዝታ ይዞ ይሄዳል። ኤሜ ይህን አስቦ እንደሠራው የሚያሳይ ነገር የለም። የወንድሙ ልጅ ዣክ ግን ጂኪ የተቀመጠበትን መሠረት አልለቀቀውም።

ሐሳቡ የጎረቤት ነበር

ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ይህ ክፍል ነው።

ዣክ ጌርላን (1874–1963) ሲሠራ ፓሪስ ውስጥ አንድ ሰው ከሁሉም ይቀድም ነበር፦ ፍራንሷ ኮቲ። ኮቲ ደፋር ነው። አዲስ የተገኘ ሰው ሠራሽ ጠረን ሲመጣ አይሸሽም፣ ሐሳቡን በሁለትና በሦስት ጉልህ መስመር ያወጣዋል፣ ገበያም ይወድለታል። አሁን ዓመታቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። ኮቲ በ1905 ሎሪጋንን አወጣ፤ ዣክ በ1912 ሌር ብሉን። ኮቲ በ1917 ሺፕርን አወጣ፤ ዣክ በ1919 ሚትሱኮን። ኮቲ በ1921 ኤምሮድን አወጣ፤ ዣክ በ1925 ሻሊማርን። ሦስቱም ጊዜ አጥንቱ አንድ ነው። ሺፕር በርጋሞት፣ ጃስሚን፣ በኦክ ዛፍ ላይ የሚበቅለው የዛፍ ሽበትና የመሳሰሉት የቆሙበት ሽቶ ነበር፤ ሚትሱኮ ያንኑ ይዞ መሐሉ ላይ ኮክ የሚሸት ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ጨመረ። በሥነ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ዣክን የሚከሱት አይጠፉም ነበር።

ሆኖም ሚትሱኮን ያሸተተ ሰው ኮቲ ነው አይልም። ለምን?

ኮቲ አጥንቱን ያሳያል፤ ዣክ ሥጋ ያለብሰዋል። በጽጌረዳና በጃስሚን የሚሠራው ሥራ ሁለቱን አበቦች ለማሰማት አይደለም። በሁለት ሻካራ ነገሮች መካከል የሚገቡ መሙያዎች ናቸው፤ ሥራቸውን በደንብ ሲሠሩ አይሰሙም። አይሪስም እንዲሁ። የአይሪስ ሥር ከተነቀለ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት እየደረቀ ካልቆየ ሽታው አይወጣም፤ ለዚህ ነው ከሽቶ ዕቃዎች ሁሉ ውድ ከሚባሉት የሚመደበው። የሚሰጠው ያንን የዱቄት ልስላሴ ነው፤ ልስላሴው ደግሞ ከላይ ባለው ቀዝቃዛ በርጋሞትና ከታች ባለው ሙቅ ቫኒላ መካከል ድልድይ ይሆናል። ድልድዩ ባይኖር ሻሊማር ሁለት ሽቶ ነበር፤ መጀመሪያ አንዱ፣ ሲጠፋ ሌላው።

ሻሊማርን ትንሽ ላቆይ። የተለመደው አፈ ታሪክ ዣክ አዲስ የመጣለትን ኢታይል ቫኒሊን ለሙከራ ያህል ጂኪ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረና ሻሊማር ተወለደ ይላል። ኢታይል ቫኒሊን ከቫኒሊን ሁለትና ሦስት እጥፍ የበረታ ነው። አፈ ታሪኩ እውነት ሆነም አልሆነ ሁለቱን ሽቶዎች ያስተያየ ሰው ከየት እንደመጣ ያያል፦ ላቬንደሩ ሄዷል፣ በርጋሞቱ በርክቷል፣ ቫኒላው ጨምሯል፣ ከሥር ዝባዱና ቆዳው አሉ። ድፍረቱ መጠኑ ላይ ነው። በዚህ መጠን ቫኒላ የሚጨምር ቀማሚ ጣፋጭ ምግብ ሠርቶ ይቀራል፤ ዣክ ግን እኩል የበዛ በርጋሞት ከላይ ጭኖ ጣፋጩን አስታገሠው። ሻኔል ቁጥር 5ን የቀመመው ኤርነስት ቦ፣ እኔ ቫኒላ ስጨምር ክሬም ይሆንብኛል፣ ጌርላን ሲጨምር ሻሊማር ይሆንለታል ብሎ ቀንቷል ይባላል።

እንግዲህ የቤቱ መለያ የተሠራው ይህን በመሰለ ድግግሞሽ ነው። አዲስ ንጥረ ነገር ይመጣል። ጎረቤት ቀድሞ ይጠቀምበታል። ጌርላን ቆይቶ ይደርሳል፤ ሲደርስ ግን አዲሱን እንግዳ ከዚያው የድሮ መደርደሪያ ባሉት ዕቃዎች ያለብሰዋል። ሠላሳ ዓመት ይህ ሲደጋገም ማንም ሳያቅደው የቤት ፊት ይወጣል። ጌርሊናድ የሚለው ስም ለሆነ ነገር የተሰጠ ስም ነው።

አንዳንዶች ጌርሊናድን ከአንድ በርሜል ተቀድቶ ለሁሉም ሽቶ የሚጨመር ድብልቅ አድርገው ይጽፉታል። እኔ አይመስለኝም። ቢሆን ኖሮ የዣክ የልጅ ልጅ ዣን ፖል በ1959 የሠራው ቬቲቨርና ሚትሱኮ በአንድ መጠን በዘመዱ ነበር፤ አይዛመዱም። ስድስቱ ዕቃዎች በእያንዳንዱ ሽቶ ውስጥ ሚዛናቸው ይለያያል፤ አንዳንዱም ይቀራል። ከቀመር ይልቅ ልማድ ብለው ይቀርባል።

ማን ይገዛል? ማን ያሸታል?

ልማድ ሰው ይፈልጋል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሽቶ ስሙ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ቤት አይቀመምም። ቤቱ የሚፈልገውን በጽሑፍ ያወጣል፣ እንደ ጂቮዳን፣ አይኤፍኤፍና ሲምራይዝ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች ቀማሚዎቻቸውን ያወዳድራሉ፣ ያሸነፈው ይሸጣል። የዛሬው አሸናፊ የነገው ተሸናፊ ነው፤ በሚቀጥለው ሽቶ ላይ ሌላ እጅ ይመጣል። በዚህ አሠራር ድንቅ ሽቶ ይገኛል። የቤት ጠረን ግን እንዴት ይገኛል? ሻኔል ከ1978 ጀምሮ ዣክ ፖልዥን፣ ከእሱም በኋላ ልጁን ኦሊቪየን፣ ኤርሜስም በ2004 ዣን ክሎድ ኤሌናን በቋሚነት የያዙት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ጌርላን ያንን በአራት የቤተሰቡ ቀማሚዎች ይዞት ቆይቷል፦ ፒየር ፍራንሷ፣ ኤሜ፣ ዣክ፣ ዣን ፖል። ዣን ፖል ሙያውን የተማረው ከአያቱ አጠገብ ቆሞ ነው። አቢ ሩዥን ሲሠራ ሻሊማርን ለወንድ እያለበሰ እንደሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም። በ1994 ቤቱን ኤልቪኤምኤች የተባለው የቅንጦት ዕቃዎች ድርጅት ገዛው፤ በ2002 ዣን ፖል ጡረታ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለጉዳያችን ጥሩ ፈተና ነው። ቤቱ ለስድስት ዓመት ያህል ቋሚ ቀማሚ አልነበረውም። በ2003 ሌንስታን፣ በ2006 ኢንሶላንስ ወጡ፤ ሁለቱም የሞሪስ ሩሴል ሥራዎች ናቸው። ሩሴል የተካነ ቀማሚ ነው፤ ሥራዎቹም የሚናቁ አይደሉም። ለእኔ አፍንጫ ግን መጀመሪያ የሚሰማው ሩሴል ነው፣ ጌርላን ከኋላው ይመጣል። በ2008 ስዊዘርላንዳዊው ቲዬሪ ዋሰር ቋሚ ቀማሚ ሆኖ ተሾመ፤ ከቤተሰቡ ውጪ በዚህ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ወንበሩ ከማሽተት ያለፈ ሥራ አለው፤ መግዛት። በርጋሞት በዋናነት ከጣልያን ካላብሪያ ይመጣል። የአንዱ እርሻ ዘይት አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል፣ የሌላው አበባ አበባ፤ ዘንድሮ ዝናብ ከበዛ ሁለቱም ይለወጣሉ። ስለዚህ ከብዙ እርሻና ከብዙ መከር የተገዛውን ዘይት እያሸተቱ ቀላቅለው ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት የሚሸት ክምችት ያወጣሉ፤ በሙያው ኮሙኔል ይባላል። ቀመር ላይ “በርጋሞት” ተብሎ በአንድ ቃል የሚጻፈው ከጀርባው ይህ ሁሉ አለበት። ቀመሩን የሰረቀ ሰው ኮሙኔሉን አልሰረቀም።

ይህ ደግሞ ዋዛ አይደለም፤ ሕግ ጠረንን አይጠብቅም ማለት ይቻላል። በሰኔ 2006 የፈረንሳይ ሰበር ሰሚ ችሎት የሽቶ ጠረን የሙያ ዕውቀት ውጤት እንጂ በቅጂ መብት የሚጠበቅ የፈጠራ ሥራ አይደለም ብሎ ወሰነ። በዚያው ሳምንት የኔዘርላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ትሬዞር ስለሚባለው የላንኮም ቤት ሽቶ ተቃራኒውን ወሰነ፤ አውሮፓ ያኔ በሁለት ልብ ነበረች። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ሽቶን በታትኖ ውስጡ ያለውን አብዛኛውን ነገር ይዘረዝራል። የታወቀ ሽቶ አስመስሎ መሥራት አስቸጋሪ የማይሆነው ለዚህ ነው። የቅጂዎቹ ጉድለት ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ሰዓት ላይ ይወጣል፤ መሙያዎቹ፣ እነዚያ መሰማት የሌለባቸው ጽጌረዳና አይሪስ፣ ገንዘብ ለመቆጠብ የተቀነሱበት ቦታ ይሰማል።

ዕቃው ሲከለከል

አሁን ወደ ከባዱ። መለያው በመደርደሪያው ላይ ከሆነ፣ መደርደሪያው ሲራቆት ምን ይሆናል?

ተራቁቷል። በርጋሞት ውስጥ ያለው ቤርጋፕቴን ፀሐይ ሲነካው ቆዳ ያቃጥላል፤ ዛሬ ይህን ንጥረ ነገር ያወጡለት ዘይት ነው የሚገባው። የእንስሳት ዝባድ በሰው ሠራሽ ተተክቷል። የድሮዎቹ ናይትሮ ሚስኮች (የሚስክን ሽታ የሚመስሉ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገሮች) አንድ በአንድ ወጥተዋል። ከሁሉ የከፋው የዛፍ ሽበቱ ነው፦ በውስጡ ያሉት አትራኖልና ክሎሮአትራኖል አለርጂ ስለሚያስነሡ መጀመሪያ የሙያው ማኅበር መጠኑን ገደበ፣ በ2017 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ሁለቱን ንጥረ ነገሮች ከለከለ። ሚትሱኮ የቆመው በዚሁ ሽበት ላይ ነው።

ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት የተሻሻለው ሚትሱኮ ብዙ ወዳጆቹን አስቀይሟል። ኮኩ አለ፣ በርጋሞቱ አለ፣ ሥሩ ግን ሳስቷል። ዋሰር ቆይቶ አትራኖል የወጣለትን የዛፍ ሽበት ይዞ ተመለሰበት። ይህ የጸዳው ሽበት ከድሮው ጋር ሲወዳደር ክፍተት አለው፤ ክፍተቱን በሌሎች ዕቃዎች መሙላት ያስፈልጋል፣ ሲሞላም መጠን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ይነካካል። ከድሮው ጋር ለማስተያየት የሚሻ ቀማሚ ቬርሳይ ያለው ኦስሞቴክ አለለት፤ በ1990 የተመሠረተ የሽቶ መዝገብ ቤት ነው፣ በድሮ ቀመር የተሠሩ ሽቶዎችን ከብርሃንና ከሙቀት ጠብቆ ያስቀምጣል።

የዛሬው ሚትሱኮ የ1919ኙ አይደለም። ሊሆንም አይችልም። በ1919 የነበረ ዕቃ ስንቱ እንደቀረ ቢቆጠር የሚያስገርም ነው። ያም ሆኖ ካደረ በኋላ ወረቀቱን ስታነሱት የማን ቤት እንደሆነ ለመገመት አትቸገሩም። ዕቃው ተለዋውጦ ዝምድናው መዝለቁ እኔን የሚያሳምነኝ አንድ ነገር አለ፦ የተጠበቀው በዕቃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ቀዝቃዛው ከሙቁ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በመካከላቸው ያለው ልስላሴ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ከሥር ምን ያህል ጨለማ እንደሚፈቀድ። ይህን መሣሪያ አይለካውም፤ የቀደመውን አሽትቶ ያደገ አፍንጫ ይለካዋል።

ቤቱ ይህን ራሱ አንድ ጊዜ ሊሸጠው ሞክሯል። በ1998 ጌርሊናድ የሚል ስም የያዘ ሽቶ አወጣ። ዛሬ የሚያስታውሱት ሰብሳቢዎች ናቸው። የገረመኝ አይደለም፤ ልማድን ለብቻው ጠርሙስ ውስጥ ማድረግ፣ የቤተሰብን ፊት ሰው ሳይኖር እንደመሳል ነው።

በአንጻሩ በ2012 ወደ ሰፊው ገበያ የገባው ላ ፔቲት ሮብ ኗር ጌርላን ነኝ ብሎ አይጀምርም። ዋሰርና ዴልፊን ዤልክ መጀመሪያ በጥቂት መጠን ካወጡት ስሪት የተወለደ ነው፤ ፊቱ ጥቁር ቼሪና መራራ ለውዝ፣ ወጣት፣ ሳቂታ፣ ትንሽም ከረሜላ ነው። የሻሊማር አፍቃሪዎች አፍንጫቸውን ነፍተውበታል። ገበያው ግን ወደደው፤ ጂኪ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ገዢ ጭምር። ከመራራው ለውዝ ሥር ቶንካ አለ፤ ከቶንካው ሥር ቫኒላ፤ በመካከል አይሪስና ጽጌረዳ ሳይሰሙ ይሠራሉ። ወረቀቱን ከሦስቱ ጎን አስቀምጡትና ነገ ጠዋት አሽትቱት።